ትንበያው ደርሶ ነበር፦ የሚያዝያ 2016 የዝናብ ሳምንት በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ

ሚያዝያ 6 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ በአውሮፓውያኑ አፕሪል 14 ቀን 2024። እኛ ዐቢይ ጾም ላይ ነን፣ ዕለቱም ገብር ኄር ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን ዒድን ካከበሩ ገና አራት ቀናቸው ነው። ኦማን ውስጥ እሑድ የሥራ ቀን ነው። ከዒድ ዕረፍት በኋላ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የተመለሱትም የዚያን ዕለት ነው።

በኦማን ሰሜን ሻርቂያ ውስጥ ሰማድ አሽ-ሻን የምትባል ቦታ አለች። አካባቢው ተራራማ ነው፤ በተራሮቹ መሃል ደረቅ የወንዝ መውረጃ ያልፋል። አረቦቹ ዋዲ ይሉታል። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ደቻቱን ያስብ፣ ዋዲ ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ መኪና ይሄድበታል። ከዚያ አንድ ቀን ተራራው ላይ ይዘንባል። ታች ያለው ሰው ጠብታ ሳያይ ውሃው ሊደርስበት ይችላል። ድሬዳዋ በሐምሌ 1998 ማለቂያ ላይ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ያጣችው እንዲህ ባለ ጎርፍ ነው።

ሰማድ ላይ ተማሪዎች የጫነ መኪና ጎርፉ ወሰደው። ወደ 10 የሚጠጉ ልጆች ሞቱ። በዚያ ሳምንት በመላው ኦማን የሞተው ሰው ቢያንስ 19 ደረሰ።

እኔ ያኔ የተባበሩት አረብ ኤሚሬትስ ውስጥ፣ ዱባይ አጠገብ ባለችው ሻርጃ ነበርኩ። አል ቃሲሚያ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሌሎች ሐበሾች ጋር ቤት ተጋርተን ነው የምንኖረው። ዜናውን ማታ በስልክ አየነው። አዘንን። ግን ያ ዝናብ ወደ እኛም እየመጣ ነው ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም። ሻርጃ የሚዘንበው በዓመት ጥቂት ቀን ነው። ሲዘንብ ደግሞ ሰው በረንዳ ወጥቶ ቪዲዮ ያነሳል። ለእኛ ለሐበሾቹ ደግሞ ናፍቆት ነው፤ የረጠበ አፈር ሲሸት ቡና ይፈላል።

ስለዚያ ሳምንት ብዙ ተብሏል። አብዛኛው ወሬ ግን ስለ ዱባይ አውሮፕላን ማረፊያና ስለ ሰው ሠራሽ ዝናብ ነው። ለእኔ ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው። ያ ዝናብ ሳይታወቅ የመጣ አልነበረም። ትንበያው ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ጥያቄው ትንበያው ማን ጋ ደረሰ፣ የደረሰውስ ሰው ምን ማድረግ ቻለ የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ወቅቱ ትንሽ ልበል። በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ጸደይ የማይታመን ጊዜ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ድንገት የሚነሳ ነጎድጓድና ወጀብ አለ፤ የአካባቢው አረቦች ሰራያት ይሉታል። ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ፣ ከሰዓት አቧራ፣ ማታ መብረቅ፣ በማግስቱ እንደገና ፀሐይ። ምክንያቱ ሁለት ወቅቶች አንድ ቦታ ላይ መገናኘታቸው ነው። ከላይ፣ ከሜዲትራኒያን በኩል፣ የብርዱ ወቅት ቀዝቃዛ አየር ገና አላለቀም። ከታች መሬቱ ሞቋል፣ ባሕሩም መሞቅ ጀምሯል። ከዓረብ ባሕርና ከኦማን ባሕረ ሰላጤ እርጥብ አየር ይገባል። ሞቃቱና እርጥቡ አየር ከታች፣ ቀዝቃዛው ከላይ ሲሆን አየሩ ይገለበጣል። ደመናው በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንደ ግንብ ወደ ላይ ይቆማል።

የዚያን ሳምንት ልዩ የሚያደርገው መጠኑና መደጋገሙ ነው። ከላይ የነበረው የቀዝቃዛ አየር ሸለቆ (ቀዝቃዛው አየር ወደ ደቡብ ጎድጎድ ብሎ የገባበት) ጥልቅ ነበር፣ ቀስ ብሎም ነበር የሚጓዘው። ዝናቡ አንድ ጊዜ መጥቶ አላለፈም፤ በማዕበል በማዕበል ነው የመጣው። ኦማንን፣ ኤሚሬትስን፣ ባሕሬንን፣ ኳታርንና የሳዑዲን ምሥራቅ ነክቷል። ዓመቱ ደግሞ የኤል ኒኞ ዓመት ነበር፤ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው የሚሞቅበት። በኤል ኒኞ ዓመት በዚህ አካባቢ ከባድ ዝናብ የመጣል ዕድሉ ከፍ ይላል።

ሰኞ ሚያዝያ 7 ብዙዎቹ የኤሚሬትስ ትምህርት ቤቶች ከረጅም የጸደይ ዕረፍት በኋላ የተከፈቱበት ቀን ነው። ልጆቹ አዲስ ቦርሳ ይዘው ገቡ። የዚያኑ ዕለት ማስታወቂያ ወጣ፤ ማክሰኞና ረቡዕ ትምህርት በኦንላይን ይሆናል፣ ልጆች ከቤት አይወጡም ተባለ። የመንግሥት ሠራተኞችም ከቤታቸው እንዲሠሩ ተደረገ። የግል ድርጅቶች ደግሞ የሚችሉ ከሆነ ሠራተኞቻቸውን ከቤት እንዲያሠሩ ተመከሩ።

በዚያ ሳምንት ከተደረገው ሁሉ የበለጠው ነገር ይህ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ማንም ቪዲዮ አላነሳውም። የሚታይ ነገር የለውማ። ማክሰኞ ዕለት በመላው አገሪቱ አንድም የተማሪዎች አውቶቡስ መንገድ ላይ ባይኖር ምን ቪዲዮ ይነሳል? የሰማድ ልጆች ሐዘን ሁለት ቀን ሳይሞላው እዚህ መቶ ሺዎች ልጆች ቤታቸው ተቀምጠዋል። ሰማይ እኮ ሰኞ ቀን ላይ ያን ያህል አያስፈራም ነበር። ገና የተከፈተ ትምህርት ቤት በማግስቱ መዝጋት ወላጅ ያስቆጣል፣ ሥራ ያበላሻል። ዝናቡ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ባለሥልጣናቱ በከንቱ አስደነገጡን ይባሉ ነበር። ወሰኑ፤ ልክም ነበሩ።

ግን ውሳኔው ያልሸፈነው ሰው ነበር።

ከቤታችን አንዷ ዱባይ ውስጥ በጽዳት ሥራ ላይ ነበረች። እድሜዋ ከሁላችንም ከፍ ስለሚል እትዬ እንላታለን። የጽዳት ሥራ በኮምፒዩተር አይሠራም። ድርጅቷም ቅሩ አላለም። ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንደ ወትሮው ወጣች። የወጣችው ደግሞ ሳታውቅ አይደለም፣ ወይም በትክክል ለመናገር፣ ግማሹን አውቃ ነው። ሌሊት ሁላችንም ስልክ ላይ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ጮኾ ነበር። ጽሑፉ በአረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። እሷ አረብኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም። እንግሊዝኛም አታነብም። «ዝናብ አለ ነው የሚለው» አልናት። እውነት ነው፣ ዝናብ አለ ነበር የሚለው። ጃንጥላ ያዘች።

ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። እኛ ያነበብነው ሰዎች የነገርናት ትክክል ነበር፤ ግን ምንም አልነገርናትም። ብሔራዊው የሜትሮሎጂ ማዕከል ማስጠንቀቂያውን በቀለም ነው የሚያወጣው፤ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ። ቀዩ ሲወጣ ጉዳዩ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው ማለት ነው። እኛ ግን ቀለሙን ወደ ሰው ቋንቋ አልመለስነውም። «ዛሬ ከሄድሽ ማታ አትመለሺም» ብንላት ኖሮ ቢያንስ የምትተኛበትን ታስብ ነበር፣ መድኃኒቷን ትይዝ ነበር።

ዝናቡ የጀመረው ሰኞ ማታ ነው። እስከ ንጋት ዱባይ ላይ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ጥሏል። ይኼ ራሱ ለዚያ አገር ቀላል አይደለም። ማክሰኞ ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ገደማ ላይ ግን ነገሩ ተለወጠ። ቀኑ ጨለመ። መኪኖች መብራት አብርተው ነው የሚሄዱት። ከሰዓት በኋላ ዱባይ ላይ ሰማዩ አረንጓዴ ሆኖ የታየበት ቪዲዮ በቲክቶክ ዓለምን ዞረ። እንዲህ ያለው ቀለም በጣም ወፍራምና ውሃ የሞላው ደመና ብርሃኑን ሲያጣራው የሚታይ ነው። እኛ ጋ ያለች አንዲት ልጅ ስታየው ጸሎት ጀመረች። አልፈርድባትም።

ቀኑ ሲያልቅ በዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ የተለካው ዝናብ በ24 ሰዓት ከ142 ሚሊ ሜትር በላይ ነበር። እዚያ ቦታ በአማካይ በዓመት የሚዘንበው 94.7 ሚሊ ሜትር ነው። አል ዐይን አጠገብ ኸትም አል ሸክላ የሚባል ጣቢያ ደግሞ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ 254 ሚሊ ሜትር ተመዘገበ። የሜትሮሎጂ ማዕከሉ መመዝገብ ከተጀመረበት ከአውሮፓውያኑ 1949 ወዲህ ትልቁ ነው ብሎ አስታወቀ።

ሚሊ ሜትር ሲባል ትንሽ ይመስላል። እንዲህ እናስበው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ስለዚህ የዱባዩ ዝናብ በእያንዳንዷ ካሬ ሜትር ላይ ሰባት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ እንደ መድፋት ነው። በጣሪያው፣ በአስፋልቱ፣ በመኪና ማቆሚያው፣ በሁሉም ላይ። የአል ዐይኑ ወደ አሥራ ሦስት ጀሪካን ይጠጋል። አዲስ አበባ በክረምቱ እምብርት በአንድ ሙሉ ወር የምታገኘውን ያህል ነው ማለት ይቻላል፤ በአንድ ቀን።

አዲስ አበባ ላይ የወረደው ውሃ መሄጃ አለው። ከእንጦጦ ቁልቁል ነው። ቢያጠፋም ይሄዳል። የባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ግን ሜዳ ነው። አፈሩ ብዙ ቦታ ላይ ሰብኻ ነው፤ ጨው የበዛበት የባሕር ዳር መሬት፣ ከሥሩ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ የሆነ። ትንሽ ሲጠጣ ይሞላል። በዚያ ላይ አስፋልትና ኮንክሪት ተነጥፎበታል። የዝናብ ውሃ ማስወገጃ ቱቦው በዓመት ጥቂት ቀን ለሚጥል ዝናብ ታስቦ ነው የተሠራው። ይህን ለመውቀስ ብዬ አይደለም። ለአሥራ ሁለት ወር ደረቅ የሚሆን ቱቦ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ለማንም ከባድ ነው። ግን ያ ስሌት በአንድ ቀን ተገለበጠ።

እትዬን ልመለስባት። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ደወለች። ከሥራ ለቀቋቸው። አውቶቡስ የለም። የዱባይ ሜትሮ ጣቢያዎች ውሃ ገብቷቸዋል። (አራቱ ጣቢያዎች ከአንድ ወር በላይ ተዘግተው ቆይተዋል።) ታክሲ የሚባል አይታሰብም። ከሌሎች ሠራተኞች ጋር በእግር ተነሡ። ውሃው ጉልበት ላይ ይደርሳል፤ ቀለሙ ቡና በወተት ይመስላል፤ ከሥር ምን እንዳለ አይታይም። ክዳኑ የተከፈተ ጉድጓድ ይኑር፣ የተቆረጠ ሽቦ ይኑር ማን ያውቃል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ስልኳ ጠፋ።

ያን ሌሊት አልተኛንም። እኛም ሕንፃ ላይ መብራት ሄዷል። ሊፍቱ ቆሟል። ቤዝመንቱ ውስጥ የነበሩ መኪኖች ጣሪያቸው ብቻ ነው የሚታየው። የውሃ ፓምፑ በመብራት ስለሚሠራ የቧንቧ ውሃም የለም። በየደረጃው የስልክ ባትሪ አብርቶ የሚወርድ፣ ሕፃን አቅፎ የሚወጣ ሰው ነው።

እትዬ በማግስቱ ረፋድ ላይ በእግሯ መጣች። አንድ የሕንፃ ዘበኛ ፓኪስታናዊ በሩን ከፍቶላቸው መግቢያው ወለል ላይ ካርቶን አንጥፈው አድረዋል። ሻይም አፍልቶላቸዋል። በዚያች ሌሊት ዱባይ ውስጥ እንዲህ ያለ ብዙ ነገር ተደርጓል። የማያውቁትን ሰው ቤታቸው ያሳደሩ፣ አድራሻቸውን በማኅበራዊ ሚዲያ ለጥፈው «መንገድ ላይ የቀራችሁ ኑ» ያሉ ሰዎች ነበሩ። ለዚያ ዘበኛ ዛሬም እንጸልያለን።

በኤሚሬትስ የሞቱት አራት ናቸው። ሦስቱ ፊሊፒናውያን ሠራተኞች ናቸው። ሁለቱ ጎርፍ ውስጥ በቆመ መኪና ውስጥ ታፍነው፣ አንዱ መኪናው መሬቱ የሰመጠበት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነው። አራተኛው በራስ አል ኸይማ የአገሩ ተወላጅ የሆኑ አንድ የ70 ዓመት ሰው ናቸው፤ መኪናቸውን ዋዲ ውስጥ ጎርፍ ወስዶባቸው። የሰማድ ልጆችም መኪና ውስጥ ነበሩ።

ይህን አንድ ላይ ሳየው የሚታየኝ ነገር አለ። ዝናቡ ሰውን የገደለው ቤቱ ላይ ወድቆ አይደለም። መንገድ ላይ ነው ያገኘው። መኪና ሰውን ያታልላል። ብረት ስለሆነ ከባድ ይመስለናል፤ ውሃ ግን ያንሳፍፈዋል። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር የሚሆን የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ያነሳል። ስድሳ ሳንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን መኪና ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ «ዝናብ አለ» ብሎ ከሚያቆም፣ «ከጉልበት በታች በሆነ ውሃ ውስጥም አትንዱ» ቢል ይሻላል። ሰውን የሚያድነው ሁለተኛው ነው።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ብዙ አልቆይም፤ ዓለም ሁሉ አይቶታል። ማክሰኞ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ የሚመጡ አውሮፕላኖች ወደ ሌላ ቦታ እንዲዞሩ ተደረገ። አውሮፕላኖች ሐይቅ መሳይ ውሃ ውስጥ መንኮራኩራቸው ሰምጦ ታዩ። በሁለት ቀን ውስጥ 1,244 በረራ ተሰረዘ፣ 41 ወደ ሌላ ማረፊያ ዞረ። የኤሚሬትስ አየር መንገድ ፕሬዚዳንት ቲም ክላርክ ቅዳሜ ሚያዝያ 12 ቀን በግልጽ ደብዳቤ ይቅርታ ጠየቁ፤ ወደ 30,000 የሚጠጋ ሻንጣ ባለቤቱን እየጠበቀ እንደነበር ያመኑትም በዚያው ደብዳቤ ነው። ማረፊያው ወደ ሙሉ አቅሙ የተመለሰው ሳምንት አልፎ፣ ሚያዝያ 15 ቀን ነው። ዱባይ ለእኛ የነጋዴውም፣ የተሳፋሪውም፣ ወደ ቤሩትና ወደ ሌላ አገር የምታልፈው ልጅም መተላለፊያ ናት። ቋንቋ የማትችል፣ ቻርጀር የሌላት፣ በረራዋ ሲሰረዝ ማንን እንደምትጠይቅ የማታውቅ ልጅ ወለል ላይ ሦስት ቀን ስትቀመጥ ማሰብ ነው። ለሷም ማስጠንቀቂያው «ወደ ማረፊያው አትምጡ» የሚል ነበር፤ እሷ ግን ቀድማ እዚያው ውስጥ ናት።

ረቡዕ ሰማዩ ተከፈተ። ሰማያዊ፣ ጥርት ያለ፣ አንድ ደመና የለውም። በጸደይ እንዲህ ነው። ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ባሕር። እኛ ሰፈር ውሃው በቀላሉ አልሄደም። አል ማጃዝና አል ቃሲሚያ ውስጥ ከአንድ ሳምንት በላይ ውሃ ውስጥ የቆዩ ጎዳናዎች ነበሩ። ሰዎች በፕላስቲክ ጀልባና በታንኳ ምግብ ያመላልሱ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉ አዛውንት መውረድ አይችሉም። ገመድ ያስራሉ፣ ዘንቢል ይወርዳል፣ ዳቦና ውሃ ይወጣል። ማዘጋጃ ቤቱ ቦቴ እየላከ ያስመጥጣል፤ ግን ስንቱን? በሦስተኛው ቀን ውሃው መሽተት ጀመረ፤ የፍሳሽ ቦዩ ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሏል። እግራቸው የቆሰለ ነበሩ። ምድር ቤት ያለው ባለሱቅ የዕቃውን ካርቶን ፀሐይ ላይ ሲያሰጣ አየሁት፤ ሩዝ ነበር፣ አብጦ ከረጢቱን ቀዶታል።

በቀን የሚከፈለው ሰው ደግሞ ያን ሳምንት አልተከፈለውም። ከእኛ ቤት ሦስቱ ነበሩ። ወር መጨረሻ ላይ ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ አነሰ። ዝናቡ ሻርጃ ላይ ዘንቦ ደሴ ላይ ተሰማ ብል አላጋነንኩም።

አሁን ስለ ሰው ሠራሽ ዝናብ። «እግዚአብሔርን ሊተኩ ፈልገው ነው» የሚል ቪዲዮ በአማርኛም በጣም ዞሯል። ኤሚሬትስ ደመና የማበልጸግ ፕሮግራም ከአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ ጀምሮ እንዳላት እውነት ነው። አውሮፕላን ወደ ደመና ሄዶ የጨው ቅንጣት ይረጫል፤ እርጥበቱ ቅንጣቱ ላይ ተሰብስቦ ጠብታ እንዲሆን። ግን ይህ ያለን ደመና ማገዝ ነው እንጂ ደመና መፍጠር አይደለም። የሜትሮሎጂ ማዕከሉ በዚያ ወጀብ ጊዜ ምንም ርጭት አላደረግንም ብሏል። ደግሞ ከአገር አገር የሚሻገር ያን ያህል ትልቅ ሥርዓት በአውሮፕላን ጨው አይሠራም፤ ከቀናት በፊትም በትንበያ ሞዴሎች ላይ ይታይ ነበር። ወርልድ ዌዘር አትሪቢዩሽን የተባለው የሳይንቲስቶች ቡድን በዚያው ወር ባወጣው ትንተና፣ በኤል ኒኞ ዓመታት በዚህ አካባቢ የሚጥለው እጅግ ከባድ ዝናብ ከድሮው ከ10 እስከ 40 በመቶ መጨመሩን ገልጿል፤ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀትም ዋነኛው ሊሆን የሚችል ምክንያት እንደሆነ ነው ያመለከተው። የሞቀ አየር ብዙ እርጥበት ይይዛል፤ ሲለቀው ደግሞ ብዙ ይለቃል።

ወሬው ያናደደኝ ውሸት ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሰዉ «አውሮፕላን ነው ያመጣው» ብሎ ካመነ አውሮፕላኑ ሲቆም ዝናቡም የሚቆም ይመስለዋል። እንዲህ ያመነ ሰው ለሚቀጥለው አይዘጋጅም።

መንግሥት ከዚያ በኋላ እንቅስቃሴ ጀመረ። ሚያዝያ 16 ቀን የሚኒስትሮች ምክር ቤት የዜጎችን ቤት ለመጠገን 2 ቢሊዮን ድርሃም መደበ። ያ ለአገሬው ተወላጆች ነው፤ ተከራይና ቤድ ስፔስ (በጋራ ክፍል ውስጥ አልጋ ብቻ ተከራይቶ) ውስጥ ያለ ሰው የተበላሸበትን ፍራሽ ራሱ ገዛ። ሰኔ 17 ቀን ደግሞ ዱባይ ታስሪፍ የተባለውን ትልቅ የዝናብ ውሃ ማስወገጃ ፕሮጀክት ይፋ አደረገች። ዋጋው 30 ቢሊዮን ድርሃም፣ የከተማዋን የማስወገድ አቅም በ700 በመቶ የሚያሳድግ፣ በቀን 20 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ፣ በአውሮፓውያኑ 2033 የሚጠናቀቅ ነው ተብሏል። ጥሩ ነው፤ ያስፈልጋል። ቱቦው እስኪያልቅ ግን ብዙ ጸደይ አለ።

እኛ ቤት ያደረግነው ትንሽ ነገር ነው። እትዬ እግሯ ከዳነ በኋላ አንድ ቀን ቡና አፍልታ ተሰበሰብን። «ያን ሌሊት ስልኩ ሲጮህ ምን ነበር የሚለው?» አለች። አነበብንላት። ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ «ይኼን ለኔ ብትሉኝ እኮ ጫማዬን አላወጣም ነበር» አለች። ተቆጥታ አልነበረም። እኔ ግን የሚመለስ ነገር አጣሁ።

በሕንፃችንና በአካባቢው ያሉትን ሐበሾች የያዘ የዋትስአፕ ግሩፕ ከፈትን። ሥራው አንድ ነው። ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ማንበብ የሚችል ሰው በድምፅ በአማርኛ ይናገራል። ኦሮምኛ የሚችሉት በኦሮምኛ፣ ትግርኛ የሚችሉት በትግርኛ ይደግሙታል። ቀለሙን አይናገሩም፤ ምን መደረግ እንዳለበት ነው የሚናገሩት። ሥራ ሂዱ ወይስ ቅሩ፣ ስልክ ሙሉ፣ ውሃ ቅዱ፣ መድኃኒት ያዙ፣ የቆመ ውሃ ውስጥ አትግቡ። በሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች ደግሞ ድምፁን ለማዳሞቻቸው በአረብኛ ይተረጉማሉ።

ሚያዝያ 24 ቀን እንደገና ዘነበ። ከመጀመሪያው በጣም ያነሰ ነበር፤ ትምህርት ቤቶች ግን በዚያ ቀንም ኦንላይን ሆኑ። ዋዜማው ላይ ማታ 4 ሰዓት አካባቢ ግሩፑ ውስጥ ድምፅ ገባ። የእትዬ ድምፅ ነበር። አለቃዋን ጠይቃ ነገ እንድትቀር ፈቅዶላታል። «ልጆች» አለች፣ «ነገ ብርቱ ዝናብ አለ፤ ውሃ አሁኑኑ ቅዱ፣ ስልካችሁን ሙሉ፣ ዱባይ የምትሠሩ አሁኑኑ ደውላችሁ አስፈቅዱ። ጃንጥላ አይበቃም።» ወዲያው ከየክፍሉ የባልዲ ድምፅ ተሰማ።